«መከላከያ ነው» እያሉ ለምን የማጥቂያ ጦር ገነቡ?

አንድ አባላችን እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ሶቪየት ኅብረት ‹ዶክትሪናችን የመከላከል ነው› እያለች ያን ሁሉ ታንክ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ያሰለፈችው ለምንድን ነው? እየዋሸች ነበር ወይ?» በ1978 ዓ.ም. ከጦሩ ተልኬ ሞስኮ በሚገኝ አካዳሚ ሦስት ዓመት ስለተማርኩ የማውቀውን ልመልስ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ያልኩበት የሶማሊያ ጦርነት ሲቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልዋሹም፤ ግን ግማሹን ነበር የሚናገሩት። በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሩን የሶቪየት ወታደራዊ ዶክትሪን ሁለት ገጽ እንዳለው ነው። አንዱ ፖለቲካዊ ነው። ጠላት ማነው፣ ለምን እንዋጋለን የሚለውን ፓርቲው ይወስናል። ሌላው ወታደራዊ-ቴክኒካዊ ነው። ጦርነት ከመጣ በምን መሣሪያ፣ በምን አሰላለፍ፣ እስከ የት ድረስ እንዋጋለን የሚለው የጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ገጽ «ቀድመን አናጠቃም» ይላል። የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭም በ1982 ኑክሌር ቀድመን አንጠቀምም ብለው ለተባበሩት መንግሥታት በላኩት መልእክት ቃል ገብተዋል። ሁለተኛው ገጽ ግን «ከተጠቃን ጦርነቱን ወዲያው ወደ አጥቂው መሬት እናሻግራለን» ይላል። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ነው ያስተማሩን። ለእነሱ ቅራኔ አልነበረውም።

ለምን ቅራኔ እንዳልሆነባቸው የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአስተማሪያችን ነው። ኮሎኔሉ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ምግብ ቤት አብረውን ሲበሉ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፋቸው ሰብስበው ሳይቀምሱ አይነሡም ነበር። በ1941 መጨረሻ እዚያ ለልጅና ለአረጋዊ በቀን የሚታደለው ዳቦ 125 ግራም ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ቀን ንጋት ላይ ጀርመን ድንበር ጥሳ ገባች፤ ሚንስክ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ወደቀች፤ ታኅሣሥ ላይ ጠላት ሞስኮ ደጅ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የሞተው ሕዝብ 27 ሚሊዮን ያህል ሆነ። ያንን ያየ ትውልድ ነው በኋላ ማርሻልና ጄኔራል ሆኖ የመከላከያ ፖሊሲውን የጻፈው። «ሁለተኛ በገዛ መሬታችን ላይ አንዋጋም» የሚለው ለእነሱ መሐላ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ከ1941 የተማሩት ትምህርት የተሳሳተ ይመስለኛል። በ1920ዎቹ አሌክሳንደር ስቬቺን የሚባል የጦር ሊቅ ነበር። ሩሲያ ሰፊ አገር ናት፣ ረጅም ጦርነት ይጠብቃታል፣ መጀመሪያ በጥልቀት ተከላክላ ጠላትን ማድከም አለባት ብሎ ይከራከር ነበር። ሚኻይል ቱኻቼቭስኪ ደግሞ ማጥቃት ብቻ ነው ድል የሚያመጣው አለ። የቱኻቼቭስኪ ወገን አሸነፈ፤ «ጥልቅ ኦፕሬሽን» የሚሉት፣ የጠላትን መስመር ሰብሮ እስከ ኋላው ድረስ የመምታት ሐሳብ በ1936ቱ የጦር ሜዳ መመሪያ ውስጥ ገባ። ስታሊን ግን ሁለቱንም አስረሸናቸው፤ ቱኻቼቭስኪን በ1937፣ ስቬቺንን በ1938። በ1941 ጦሩ ድንበር ላይ ተጠግቶ የተገኘው «ከመጣ መትተን ወደ አገሩ እንከተለዋለን» በሚል መንፈስ ነው። ለመከላከል አልተዘጋጀም፤ ስለዚህም ክፍለ ጦር በክፍለ ጦር እየተከበበ አለቀ። ከዚህ ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት «ወደ ኋላ ጥልቀት ይኑረን» መሆን ነበረበት። እነሱ ግን «ይበልጥ እንጠጋ፣ ይበልጥ እንፍጠን» ብለው ወሰዱት።

ይህ በካርታ ልምምዳችን ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠው ካርታ የአገር ስም የለውም፤ «ምዕራባውያን» እና «ምሥራቃውያን» ብቻ ነው የሚለው። ሁልጊዜ የሚጀምረው ሰማያዊው ጠላት ድንበር ሲጥስ ነው። አንድ ሁለት ቀን እንከላከላለን። ከዚያ ተጠባባቂው ጦር ይገባና የወገን ጦር የሆነው ቀዩ ቀስት ድንበሩን አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ይሄዳል። የመከላከሉን ዕቅድ በአንድ ምሽት እንጨርሰው ነበር። የመልሶ ማጥቃቱ ዕቅድ ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ የጠላት መስመር በሚሰበርበት ቦታ ለአንድ ኪሎ ሜትር ግንባር ስንት መድፍ፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ግስጋሴ፣ ድልድይ በስንት ደቂቃ፣ ሁሉም በሠንጠረዥ እየተሰላ።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልጨምር። አብሮን የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ መኮንን ቀደም ሲል በአሜሪካኖች የሠለጠነ ነበር። አሜሪካኖች ወገንን በሰማያዊ፣ ጠላትን በቀይ ያሰምራሉ፤ ሶቪየቶች በተቃራኒው ነው። አንድ ቀን በድካም እጁ ወደ ለመደው ሄደና ሙሉ ዕቅዱን ገልብጦ አሰመረው። ኮሎኔሉ ሲመለከቱት በወረቀቱ ላይ ያለው ጠላት ድንበር ጥሶ፣ ወንዝ ተሻግሮ በወገን መሬት ላይ የሚገሰግስ ጦር ሆኖ አገኙት። ምንም አልተናገሩም፤ ካርታውን አጥፈው መለሱለት፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ሠራው። እኔ ግን ካርታውን እያየሁ ለረጅም ጊዜ ቆየሁ። ያው የእኛው ዕቅድ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ሲለወጥ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያኔ ነው ያየሁት።

ቦን ወይም ብራስልስ የተቀመጠ የኔቶ፣ ማለትም የምዕራባውያኑ የጦር ኅብረት፣ መኮንን የሚያየው ያንን ነው። «ቀድመን አናጠቃም» የሚለው ቃል በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ አይታይም፤ ታንኩ ግን ይታያል። ፖላንድ በ2005 ይፋ ያደረገችው የ1979 የዋርሶ ስምምነት፣ ማለትም ሶቪየት የምትመራው የምሥራቅ አውሮፓ የጦር ኅብረት፣ የልምምድ ካርታ አለ። መጀመሪያ ኔቶ በፖላንድ ቪስቱላ ወንዝ ዳር ኑክሌር ይጥላል፤ ከዚያ ምሥራቁ ጦር በኑክሌር መልስ ሰጥቶ በሰባት ቀን ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ራይን ወንዝ ይደርሳል። ካርታውን ስመለከት ክፍል ውስጥ ስንሠራው የነበረውን ልምምድ ያየሁ መሰለኝ።

ማጥቃቱ በተግባር ምን እንደሚመስል እኛ ኢትዮጵያውያን በቅርብ አይተነዋል። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ዘመቻውን በማቀድ የረዱት ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ጠላት በካራማራ በኩል ሲጠብቅ ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበስ እያነሡ ተራራውን አሻግረው ከኋላው እንዲያወርዱ አደረጉ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ተያዘች። ለሜዳማ መሬትና በአንድ መስመር ለተሰለፈ ጠላት ይህ ስልት አቻ የለውም። በሰሜን ተራሮች ግን አልሠራልንም፤ እነሱም አፍጋኒስታን ላይ ያንኑ አዩ።

የዶክትሪኑ ለውጥ የመጣው እዚያው ሞስኮ እያለሁ ነው። ግንቦት 28 ቀን 1987 ማቲያስ ሩስት የተባለ የ18 ዓመት ጀርመናዊ በአንዲት ትንሽ ሴስና መጥቶ ቀይ አደባባይ አጠገብ አረፈ። ጎርባቾቭ በዚያን ሰዓት ምሥራቅ በርሊን በዋርሶ ስምምነት ስብሰባ ላይ ነበሩ። በማግስቱ በዚያው ስብሰባ የዋርሶ ስምምነት አገሮች አዲሱን ዶክትሪን አወጁ፦ ለመከላከል የሚበቃ ኃይል ብቻ ይኑረን የሚል። በአውሮፕላኗ ጉዳይም ወዲያው የመከላከያ ሚኒስትሩ ሶኮሎቭ ከሥልጣን ወረዱና ያዞቭ ተተኩ። በአካዳሚው ኮሪደር ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

በዚያ ዓመት ኮኮሺን የተባለ ተመራማሪና ጄኔራል ላሪዮኖቭ ከጀርመን ጋር የተደረገውን የኩርስክን ጦርነት በአዲስ ዓይን እንየው ብለው ጻፉ። እስከዚያ ድረስ ኩርስክን የተማርነው በ1943 ከነሐሴ ወዲህ ስለተደረገው ማጥቃት ነበር። እነሱ ግን ሐምሌ ላይ ሆን ተብሎ፣ መስመር ከመስመር ኋላ ተቆፍሮ የተካሄደውን መከላከል አነሡ። ቀጥለውም አራት አማራጭ አስቀመጡ፤ ወዲያው መልሶ ማጥቃት፣ እንደ ኩርስክ አድክሞ ማጥቃት፣ በ1939 በሞንጎሊያ ድንበር ከጃፓን ጋር እንደተደረገው የኻልኺን ጎል ውጊያ ጠላትን ከድንበር አስወጥቶ መቆም፣ እና ጭራሽ ለማጥቃት የማይችል ጦር መያዝ። የስቬቺን ስም በክፍል ውስጥ ያለ ፍርሃት ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው።

በመመረቂያችን ልምምድ ላይ ያው ካርታ መጣ፤ ትእዛዙ ግን ድንበር ላይ ቁሙ ይል ነበር። እጄ ለምዶ ቀዩን ቀስት አሳልፌ አሰመርኩት። ኮሎኔሉ ላጲስ አንሥተው ራሳቸው አጠፉት፤ የእርሳሱ ጭረት ወረቀቱ ላይ ቀረ። «እንደገና ንጋት ላይ ቢመጡስ?» አልኳቸው። «እኔም ጠይቄያለሁ» አሉኝ።

እኔ ከተመለስኩ በኋላ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1988፣ ጎርባቾቭ በተባበሩት መንግሥታት ተናገሩ። 500,000 ወታደርና 10,000 ታንክ እንቀንሳለን፣ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከቼኮዝሎቫኪያና ከሃንጋሪ ስድስት የታንክ ክፍለ ጦሮች እናወጣለን አሉ። እኔ ሬዲዮው አጠገብ ነበርኩ። ታንክ ቢቀነስ ሌላ ታንክ ይኖራል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ የዋርሶ ስምምነት ራሱ 59,470 ታንክ አለኝ ብሎ አስታውቋል። የገረመኝ ሌላው ነው። ከታንኮቹ ጋር የወንዝ መሻገሪያ ክፍሎችም ይወጣሉ ሲባል ሰማሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በደቂቃ ስናሰላው የኖርነው ድልድይ እሱ ነበር።