«ፍራሹ ስንት ነው?»፦ ስለ 2016 ዓ.ም. ማስታወቂያዎች ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የባልትና ሥራ ጀምረሻል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2016 ዓ.ም. ሰኔ ከወጡት ማስታወቂያዎችና ድርጅቶች ከሚሠሯቸው ቪዲዮዎች የገረመን የቱ እንደሆነ፣ ብዙ ብር ለሌለው ሰው የሚሆንም ካለ ጠይቀሻል። እኔ ማስታወቂያ ሥራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። የማውቀውን ላውራሽ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናሽን ያዢ።

ከራሴ ውርደት ልጀምር።

ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጉድ ተሠራ። ፖፕ ታርትስ የሚባል፣ ቶስተር ውስጥ አሙቀው የሚበሉት ጣፋጭ አለ። ድርጅቱ ኦርላንዶ ላይ የሚደረግ የዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ስፖንሰር አደረገና በስሙ አስጠራው። የጣፋጩን ልብስ የለበሰ ሰው ሲጨፍር ዋለ። ካንሳስ ስቴት 28 ለ19 ሲያሸንፍ ያ ጣፋጭ «ሕልም በእርግጥ እውን ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ከፍ አድርጎ፣ እጁን እያውለበለበ ግዙፍ ቶስተር ውስጥ ገባ። ከታች ዓይንና አፍ ያለው፣ የሚበላ ትልቅ ፖፕ ታርት ወጣ። ተጫዋቾቹም እየቆረሱ በሉት። ሰው በሳቅ ሞተ። ሰኔ ላይ በፈረንሳይ ካን ከተማ በሚደረገው የማስታወቂያ ውድድር በዘርፉ ትልቁን ሽልማት ወሰደ።

ቪዲዮውን ያየ አንድ ብስኩት አምራች ደንበኛችን «ይህንን የመሰለ ሥሩልኝ» አለን። እኛም እሺ አልን። መርካቶ ስፖንጅ ገዝተን፣ ቡናማ ጨርቅ አልብሰን፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን በጥቁር ክር አሰፍተን አንድ ልጅ ከተትንበትና መገናኛ ወሰድነው። ፀሐዩ ልክ አልነበረም። ልጁ በላብ ተጠምቋል። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላን አንድ አባት ከታክሲ ሰልፉ ወጥተው ቀረቡ። ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉና «ፍራሹ ስንት ነው?» አሉ። ልጁ ከውስጥ ሆኖ «ብስኩት ነኝ አባባ» ሲላቸው ደንግጠው ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። በዚያ ቀን ሦስት ሰው ዋጋ ጠየቀን። ሦስቱም የፍራሽ።

እኛ የወሰድነው ልብሱን ነበር። አሜሪካኖቹ ዘንድ ልብስ የለበሰ አጨፋሪ በየስታዲየሙ አለ፤ ብርቅ አይደለም። ጣፋጩንም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየበሉት ስላደጉ ማን እንደሆነ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። ያስገረማቸው ሲበላ ማየታቸው ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አልፈጠሩም፤ ቶስተር ውስጥ ገባ፣ ሞቀ፣ ተበላ። ዕቃው በየቤቱ የሚሆነውን ነው ስታዲየም ላይ የሆነው። የእኛን ብስኩት ግን ገና ማንም አያውቀውም።

ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰው ስለዚህ ዕቃ አስቀድሞ ምን ያወራ ነበር የሚለውን ነው። የዓመቱን ጥሩ ጥሩ ሥራዎች በዚህ ዓይን ስታያቸው ሁሉም ከወሬ የተነሱ ናቸው።

ሴራቪን እይ። የፊትና የገላ ቅባት ነው፤ እዚህም ቦሌ አካባቢ ባሉ ኮስሞቲክስ ቤቶች ይሸጣል። ማይክል ሴራ የሚባል ተዋናይ አለ። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው በኢንተርኔት ይቀልድበት ነበር፤ «ቅባቱን የሚሠራው እሱ ነው እንዴ?» እያለ። ድርጅቱ ቀልዱን አነሳው። ጥር ላይ ተዋናዩ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ፋርማሲ ገብቶ የቅባት ጠርሙሶች ላይ ሲፈርም ታየ። ቲክቶከሮች አራገቡት። የቆዳ ሐኪሞች «ኧረ ውሸት ነው፣ ይህን የሠራነው እኛ ነን» እያሉ ወጡ። ድርጅቱም አስተባበለ። ሳምንታት ሙሉ ሰው ሲከራከር ቆየ። በመጨረሻ የካቲት መጀመሪያ ላይ በሱፐር ቦውል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ማስታወቂያው ወጣ፦ ሴራ ሐኪሞቹ ፊት ቀርቦ ቅባቱ የእሱ እንደሆነ ሊያሳምናቸው ይሞክራል፤ እነሱ ዝም ብለው ያዩታል። መልእክቱ ቅባቱ ከቆዳ ሐኪሞች ጋር የተሠራ ነው የሚል ነው። ይህን ደረቅ ዓረፍተ ነገር ዝም ብለው ቢያስነግሩት ማንም ጆሮ አይሰጠውም። ሰው ሲከራከርበት ግን ራሱ ለጓደኛው ተናገረው። (የሰውየው ስም በአማርኛ «ሴራ» መሆኑ ለእኛ ተጨማሪ ሳቅ ነው።)

በዚያ ዓመት የሱፐር ቦውል የ30 ሰከንድ ዋጋ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር በገንዘቡ በኩል እንርሳው። የሐሰት ወሬ ማስወራቱንም እንርሳው። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሻለሁ።

እኔ በግሌ የምወደው የስፔክሴቨርስን ነው። የእንግሊዝ ድርጅት ነው፤ መነጽር ይሸጣል፣ ጆሮም ይመረምራል። ዘፋኙ ሪክ አስትሊ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ እንግሊዝ አገር ሕፃን ሽማግሌው በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈኑን እንደገና እንዲዘፍነው አደረጉ። ግጥሙ ግን ሰዎች አሳስተው የሚሰሙት ዓይነት ሆኖ። ዜማው ያው፣ ቃሉ የተወላገደ። የማንንም ስም ሳይጠሩ ለቀቁት። ሰው «ሁልጊዜ እንዲህ ነበር ወይስ ጆሮዬ ነው?» ብሎ መጨቃጨቅ ጀመረ። ከዚያ ወጡና «እንግዲያው ጆሮህን ና እንይልህ» አሉ። እኛም እኮ ልጆች ሆነን የስንቱን ዘፈን ግጥም በራሳችን ቋንቋ ስንዘፍን አድገናል። ሰው ጆሮው እየደከመ መሆኑን ማመን ያፍራል። በሳቅ አመጡት።

የኩርስ ላይት ቢራ ደግሞ ፍጥነቱ ይገርማል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ሾሄይ ኦታኒ የሚባለው የቤዝቦል ኮከብ የመታት ኳስ የቢራውን የስክሪን ማስታወቂያ ሰበረችው። ስክሪኑ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ቀረ። ሌላው ቢሆን ቴክኒሻን ይጠራ ነበር። እነሱ ያንን ጥቁር ጠባሳ ጣሳቸው ላይ አተሙት። እኛ ጋ የቢራ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከታገደ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሆነ ይህን ያነሳሁት ለቢራ ነጋዴ አይደለም። አንቺም አንድ ቀን የሆነ ነገር ይሰበርብሻል፤ ያኔ አስታውሺው።

የፈረንሳዩ የቴሌኮም ድርጅት የኦሬንጅም አለ። ከሴቶች የዓለም ዋንጫ በፊት እነ ምባፔ የሚያስደንቅ ኳስ ሲጫወቱ አሳዩ። ተመልካቹ አጨበጨበ። ከዚያ ቪዲዮው ወደ ኋላ ተመልሶ ፊታቸው በኮምፒውተር የተቀየረ የሴት ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች መሆናቸው ታየ። «የሴት ኳስ አይታይም» የሚለውን ሰው በገዛ ጭብጨባው ያዙት። እኔንም ይዘውኛል፤ አልዋሽሽም።

አሁን ወደ አንቺ በርበሬ።

ሰው ስለ ባልትና ምን ያወራል? አንቺም ታውቂዋለሽ። «ምን ቀላቅለውበት ይሆን?» ነው የሚለው። ሸክላ ፈጭተው፣ ቀለም ጨምረው፣ ጤፉ ላይ ጀሶ ነስንሰው። የታሸገ በርበሬ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ይህንን እያሰበ ነው የሚያነሳው። የሴራቪን የወሬ ጨዋታ እንርሳው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቅባት ላይ የሚያስቀው ወሬ ምግብ ላይ ሱቅ ያዘጋል። ፍርሃቱን ግን ዝም ብለሽ አትለፊው። ከእሱ ነው መነሳት ያለብሽ።

አብሬያቸው የሠራሁ አንዲት የባልትና ባለቤት አሉ። መጀመሪያ ቲክቶከር ልንቀጥርላቸው ነበር። «ልጄ፣ እሷ በርበሬ ቀንጥሳ ታውቃለች?» አሉኝ። አታውቅም። ስለዚህ ካሜራውን እሳቸው ጋ ወሰድነው። ዛላውን ሲቀነጥሱ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ሲደልዙ፣ ስጡን ሲያሰጡ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ። ሙዚቃ የለውም። ወፍጮ ቤት ሲያስነጥሳቸው እንኳ አልቆረጥነውም። ከሁሉ በላይ የታየው ያ ማስነጠሱ ያለበት ነው። አስተያየቱ ላይ አንዷ «እውነተኛ በርበሬ መሆኑ በማስነጠሱ ታወቀ» ብላ ጻፈች። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው ሠላሳ ሺህ ብር አስከፍልበት ነበር።

ሁለተኛው ሐሳብ የእኔ አይደለም፤ ከእሳቸው መደርደሪያ ያገኘሁት ነው። ደንበኞቻቸው በርበሬና ሽሮ የሚገዙት በአብዛኛው ለውጭ ነው። ዳላስ ላለች እህት፣ ዱባይ ለምትሠራ ልጅ። መንገደኛው ደግሞ የአራት ሰው አደራ አንድ ሻንጣ ውስጥ ይከታል። እዚያ ሲደርስ ሁሉም አንድ ዓይነት ፌስታል ነው፤ የቱ የማን እንደሆነ ይጠፋዋል። ስለዚህ ወይዘሮዋ እያንዳንዱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በእስክሪፕቶ «ከእናትሽ ለማርታ» ብለው ይጽፉ ነበር። እኛ የጨመርነው ነገር ቢኖር ማሸጊያው ላይ «ከ… ለ…» የሚል ባዶ ቦታ ማስገባት ብቻ ነው። ከሥሩ የሱቁ ስምና ስልክ።

የመጀመሪያው ኅትመት ከሸፈ። ቦታውን የሚያብለጨልጨው ላስቲክ ላይ አሳተምነው፤ እስክሪፕቶ አይዝም፣ በእጅ ሲነካ ይለቃል። የአንዱ ሽሮ ለሌላው ደርሶ ስልኩ ሲጮህ ከረመ። በሁለተኛው ዙር ተራ የወረቀት ስቲከር አደረግነው። ርካሽ ነው፤ ይይዛል። ቀጥሎ የሆነውን አላሰብነውም። ዕቃ የደረሰው ሰው ምን ያደርጋል? ፎቶ አንስቶ «ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይልካል። ፎቶው ላይ የገዛ ስሙ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የሱቁ ስልክ። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባን ማለት ነው። እዚያ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገባም።

የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ነገርም እንዲሁ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰው ከፍሎ ይለብሰዋል፤ የስፖንሰሩን ስም ደረቱ ላይ ይዞ ገበያ ይሄድበታል፣ ቤት መወልወያ እስኪሆን።

አንቺ ብሆን መጀመሪያ ስቲከሩን ነው የማሳትመው፤ ቪዲዮው ይቆየኝ። ግን ደንበኞችሽ ለውጭ የሚገዙ ካልሆኑ አይሠራልሽም። ሱቅ ላይ አንድ ሳምንት ቁሚና ሰው ዕቃሽን ሲያነሳ የሚለውን ደብተር ላይ ጻፊ። «ያቃጥላል ወይ?» የሚሉሽ ከበዙ ሌላ ሐሳብ ይመጣል። መጥተሽ እዚህ ንገሪን፤ አብረን እናስባለን።

ወፍጮ ቤት የምትቀርጪ ከሆነም ስልክሽን በላስቲክ ጠቅልይው። የእኔን ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋው እስካሁን ያስነጥሰኛል።