ልጅቷ ለፖይንት ጫማ ደርሳለች? ከጅማ ወላጆችና ተማሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ባሌት ከጀመረች 2 ዓመት ሆናት። ለጓደኛዋ ፖይንት (በእግር ጣት ጫፍ የሚቆሙበት የባሌት ጫማ) ተገዝቶላት እሷም ካልተገዛልኝ ብላ ታለቅሳለች። ልግዛላት?

መልስ፦ አይግዙላት። ፖይንት የሰውነቷን ክብደት በሙሉ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ላይ ያሳርፋል፤ በ9 ዓመት ያን የሚሸከም ጡንቻ ገና አልተሠራም። በብዙ ቦታ የሚጀመረው ከ11 እና 12 ዓመት ወዲህ ነው፤ ያውም በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እየተማረች 3 ወይም 4 ዓመት ከቆየች። በሳምንት አንዴ ብቻ የምትማር ልጅ 14 ቢሞላትም ባትጀምር ይሻላል። መጠበቁ ምንም አያጎድልባትም።

ጥያቄ፦ የእኔ 12 ሞልቷታል፣ 4 ዓመት ተምራለች። መድረሷን በምን እንወቅ?

መልስ፦ የሚወስነው አስተማሪዋ ነው፤ እርስዎም ግን ቤት ውስጥ ማየት የሚችሉት አለ። እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ትቀመጥና የእግሯን ጫፍ የቻለችውን ያህል ወደፊት ትወጥር። እርሳስ በእግሯ ጀርባ (በላይኛው በኩል) ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ቅልጥሟ አቅጣጫ ያጋድሙ። የቅልጥም አጥንት እርሳሱን ካደናቀፈው ቁርጭምጭሚቷ በቂ አይታጠፍም፤ ጫማውን ስታደርግ ጉልበቷን አጥፋ ወይም ወገቧን ሰብራ ልታካክስ ትሞክራለች።

ቀጥሎ በአንድ እግር ቆማ፣ ጉልበቷ ቀጥ እንዳለ፣ ተረከዟን 20 ጊዜ ታንሳ። ቁጥሩን ብቻ አይመልከቱ። ከኋላዋ ቁጭ ብለው ተረከዟን ይዩ፦ 12ኛው ላይ ከፍታው ከቀነሰ ወይም ቁርጭምጭሚቷ ወደ ትንሿ ጣት ካዘመመ ገና ናት። ፖይንት ላይ ወለምታ የሚመጣው በዚያው በኩል ነው።

ሦስተኛው እንደ አውሮፕላን መቆም ነው። በአንድ እግር ቆማ ደረቷንና ሌላኛውን እግር ከመሬት ጋር ትይዩ ታድርግ፤ ከዚያ የቆመችበትን ጉልበት እያጠፈች በእጆቿ መሬት ትንካ። 5 ጊዜ ሞክራ ቢያንስ 4ቱን ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ዳሌዋም ሳይዛነፍ ልትሠራው ይገባል።

ጥያቄ፦ እግሯ ቶሎ ያድጋል። አንድ ቁጥር ከፍ አድርገን ብንገዛስ?

መልስ፦ ለትምህርት ቤት ጫማ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለፖይንት ግን አደገኛ ነው። የጫማው ጫፍ ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የተሠራ ጠንካራ ሣጥን ነው፤ እግሯን ከጎንና ጎን አቅፎ ወደ ላይ ይይዛታል። ሲሰፋ እግሯ ወደ ታች ይሰምጥና ክብደቱ ሁሉ አውራ ጣቷ ላይ ያርፋል፤ ጥፍሯ ይጠቁራል፣ ቆዳዋም ውሃ ይቋጥራል። ልክ የሚባለው በሙሉ እግሯ ስትቆም ጣቶቿ ሳይታጠፉ ጫፉን ሲነኩ ነው። ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ቁጥር ነግሮ ማስገዛት አይሆንም፤ ቁጥሩም ስፋቱም በየአምራቹ ይለያያል። ሌላ ልጅ የለበሰችውም የዚያችን ልጅ እግር ቅርጽ ይዟል፣ አይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የምንለማመድበት አዳራሽ ሴራሚክ ነው። በክረምት ደግሞ ጫማው አይደርቅም።

መልስ፦ ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ ፖይንት አይሠራም፤ ያዳልጣል፣ ግጭቱንም አያበርድም። ጅማ የእንጨት ሥራ የሚያውቁ እጆች የሞሉባት ከተማ ናት፤ ከሥሩ ክፍተት ያለው፣ ሲረግጡት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚመለስ የጣውላ ወለል አናጺ ሊሠራላችሁ ይችላል። ጫማውን በተመለከተ፣ ሙጫውን የሚያላላው እርጥበት ነው። ከልምምድ በኋላ የጣት መከላከያውን አውጥታ ጫማውን ነፋስ በሚገባበት ክፍል ትስቀለው። በፌስታል ተቋጥሮ ቦርሳ ውስጥ ካደረ ሣጥኑ ቶሎ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ሣጥንም አይደግፍም።

ጥያቄ፦ 13 ዓመቴ ነው። ቪዲዮ እያየሁ ብቻዬን ብጀምርስ?

መልስ፦ አይሆንም የኔ እህት፤ ቁርጭምጭሚትሽ ሲያዘም ማን ያይልሻል? ጫማው እስኪመጣ ግን በባዶ እግርሽ ተለማመጂ፦ ጣቶችሽን ሳታጥፊ የውስጥ እግርሽን ቅስት ከመሬት አንሺ፣ 5 ሰከንድ ያዢ፣ በየእግሩ 10 ጊዜ። አስተማሪሽ ስትፈቅድልሽም የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ በትምህርቱ መጨረሻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በሁለት እጅ ባሩን (የመደገፊያውን ዘንግ) ይዘሽ፣ በሁለት እግር።