ከልደታ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚገባው ልጅ፦ ስለ ምርጫው፣ ስለ ሻንጣውና ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት

እህቴ፣ ልጅሽ በተፈጥሮ ሳይንስ ከ600 412 አምጥቶ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ መሄድ እንደሚፈልግ፣ አባቱ ግን «አዲስ አበባ ካልሆነ አይሆንም» እንዳሉ ጽፈሻል። ምርጫውን እንዴት ይሙላ፣ ምን አስይዤስ ልሸኘው ነው ጥያቄሽ። በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ! ግማሹን ማለፍ ብርቅ በሆነበት ጊዜ 412 የልጁም የቤቱም ድካም ነው።

ክርክራችሁ ከተማ ላይ ስለቆመ ዋናው ነገር ተዘሏል። ልጁ ግቢ የሚገባው ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ሆኖ ነው እንጂ ዲፓርትመንት ይዞ አይደለም። መጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፣ ዲፓርትመንት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው። ስለዚህ አሁን የሚመርጠው ነገ የሚወዳደርባቸውን ትምህርቶች ነው፤ በግቢው የማይሰጥ ትምህርት ደግሞ ጂፒኤው 4 ቢሆንም አይደርሰውም። አንድ ማታ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ልጁ ራሱ ሦስት ትምህርት ይጻፍ፦ የሚመኘውን፣ እሱ ቢቀር ደስ ብሎት የሚማረውን፣ ቢደርሰው የማያማርረውን። ከዚያ ሦስቱም የሚሰጡባቸውን ግቢዎች ፈልጉ። እኔ ሦስቱም ያሉበትን ግቢ፣ አንዱ ብቻ ካለበት ስመ ጥር ግቢ አስቀድማለሁ።

አርባ ምንጭን ለምን እንደወደደም ጠይቁት። ዩኒቨርሲቲው ከውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተነስቶ ያደገ ነው፤ ልጁ የውኃና የመስኖ ምህንድስና ካማረው ምርጫው መሠረት አለው። ጎንደር ከሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ሐረማያ ከግብርና፣ ባሕር ዳር ከፖሊ ቴክኒክና ከመምህራን ትምህርት የተነሱ ናቸው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬም ድረስ ግቢዎቹ «ፖሊ» እና «ፔዳ» የሚባሉት ለዚህ ነው። ምክንያቱ «ጓደኞቼ እዚያ ስለሚሞሉ» ከሆነ ግን ምደባው ጓደኛ እንደማያውቅ ንገሩት። እሱ ደርሶት እነሱ ሌላ ቦታ ሊመደቡ ይችላሉ።

የባለቤትሽም ሐሳብ ተገቢ ነው፣ ግን የራሱ ሥራ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው የሚቀበለው፤ ማመልከቻው ከትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የተለየ ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የመግቢያ ፈተና አላቸው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ምደባው ይውጣና እናያለን ሲሉ የማመልከቻው ቀን ያልፋል። ስለዚህ ቀኖቹን በየራሳቸው ተከታተሉ። ለፈተናው ደግሞ አብርሆት ወይም ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ሄዶ በጸጥታ ማንበብ ይችላል፤ ሁለቱም ለእናንተ ሩቅ አይደሉም።

አዲስ አበባ ቢደርሰውም የከተማው ነዋሪ ዶርም አገኛለሁ ብሎ መቁጠር የለበትም። ሕንጻ ኮሌጅ እዚያው ልደታ ስለሆነ አርክቴክቸር ለሚወድ ልጅ በእግር የሚደረስ ነው። 5 ኪሎና 4 ኪሎም ቀላል ናቸው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ቂሊንጦ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከመሀል ከተማ በየቀኑ ተመላላሽ የሚሆን ልጅ የንባብ ሰዓቱን ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጨርሰዋል። ቤት መቀመጥ ራሱ ወጪ አለው፤ ልጁ እየተማረ ለእንግዳ፣ ለገበያ፣ ለለቅሶ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ዶርም ካለው ተማሪ ወደ ኋላ ይቀራል። አባቱ ይህን አስበውበት «ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ማንም አይልከውም» ብለው ቃል ከገቡ፣ አዲስ አበባ ጥሩ ምርጫ ነው። የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሰጠው ለዚያው ትምህርትና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። የአንዱ ካምፓስ ዕውቅና ለሌላው አያገለግልም።

አሞላሉ ላይ አንድ ነገር አደራ። ልጁ በራሱ ስልክ ቁጥርና በራሱ የይለፍ ቃል፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ይሙላው። በመጨረሻው ቀን ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ማስሞላት የሚያመጣው ጣጣ ብዙ ነው፦ የይለፍ ቃሉ ኢንተርኔት ቤቱ ሠራተኛ ጋ ይቀራል፣ ቅደም ተከተሉ ይዛባል፣ ሲስተሙ ይጨናነቃል። ከሞላ በኋላ ገጹን ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጥ፣ አንድ ኮፒም አትሙ። ሥር የሰደደ ሕመም ካለበት የሆስፒታል ማስረጃውን ከምርጫው በፊት አዘጋጁ፤ ምደባ ከወጣ በኋላ ዝውውር ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ጥሪ ሲወጣ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ማለት ይቻላል ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃል፦ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛና የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ኦሪጅናልና ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ። ትራንስክሪፕቱን ከትምህርት ቤቱ አሁኑኑ አውጡ፤ ጥሪ ሲወጣ ሁሉም ወላጅ በአንድ ቀን ይሰለፋል። ከእያንዳንዱ ሰነድ ሦስት ሦስት ኮፒ ይሁን፣ አንዱ ቤት ይቅር። ጉርድ ፎቶ 3 በ4 ቢያንስ 8 ይያዝ፤ ለመታወቂያ፣ ለምግብ (ሚል) ካርድ፣ ለወጪ መጋራት ውል ሲባል ቶሎ ያልቃል። የፋይዳ ቁጥሩንም ስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ይጻፈው። የስፖርት ትጥቁን ቀልድ አድርጋችሁ አትዩት፤ ፍሬሽማን ላይ ፊዚካል ፊትነስ የሚባል ኮርስ አለ።

መርካቶ ለመውረድ ግን አትቸኩዪ፤ ምደባው ይውጣ። ለአርባ ምንጭ ሙቀት ቀጭን ብርድ ልብስና አጎበር ያስፈልጋል፤ ደብረ ብርሃን ከደረሰው ወፍራም ብርድ ልብስና ጃኬት ነው። አንሶላው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲነጠፍ። ለሎከር ሁለት ጠንካራ ቁልፍ፣ ኤክስቴንሽን፣ ባትሪ፣ ነጠላ ጫማ፣ የልብስ ሳሙና። የኤሌክትሪክ ምድጃ አትላኪ፤ ዶርም ውስጥ ክልክል ነው፣ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ካገኘው ይወስደዋል። ለዚህም ነው ጥሬ ሽሮ ሸክም ብቻ የሚሆነው። የሚጠቅመው ሳይበስል የሚበላው ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለካፌው ወጥ ማጣፈጫ የሚሆን ሚጥሚጣ። በሶውን በደንብ አድርቀሽ በሁለት ዕቃ ክፈዪው፤ እርጥብ ማንኪያ የገባበት ቶሎ ስለሚሻግት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ጭኮ ቅቤ ስላለው ቆላ አይወድም፣ ለሙቅ አገር ጥቂት ብቻ አድርጊ።

ዕቃው አንድ ሻንጣና አንድ የጀርባ ቦርሳ ይሁን። ሰነድ፣ ስልክና ገንዘብ ከጀርባ ቦርሳው አይውጡ፤ ሻንጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው። ለሐዋሳ መነሻው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው፤ ለአርባ ምንጭ ግን መነሻውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሐዋሳ ግማሽ ቀን፣ አርባ ምንጭ ሙሉ ቀን ስለሚወስድ በጠዋት ይነሳ፤ ማታ መናኸሪያ የሚያደርስ ጉዞ አይጀምር። በዚያ ሳምንት መንገዱን የሄደ ሰው ጠይቁ፣ ወደዚያው ከተመደቡ ልጆች ጋርም ይሂድ። ዩኒቨርሲቲዎች በመግቢያ ቀናት መናኸሪያ ላይ ተቀባይ ያቆማሉ፤ ባጅ ካላየ ከማንም ጋር አይሂድ።

ገንዘቡን በአንዴ አትስጡት። የመጀመሪያው ወር ከሌላው ጊዜ ብዙ ይበላል፣ ሀንድአውት ኮፒም፣ የጎደለ ዕቃም፣ አዲስ ጓደኛም አለ። ከዚያ በኋላ በወር ሁለት ጊዜ በታወቀ ቀን በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ላኩለት። ቀኑ ከታወቀ ልጁ ማብቃቃትን ይለምዳል፤ በየልመናው ከተላከ ግን መለመንን ነው የሚለምደው። የወጪ መጋራት ውል ሲፈርም አንብቦ ይፈርም፣ ኮፒውንም ይያዝ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው። ግቢ ከገባ በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል «እማዬ፣ ልምጣ» የሚል ስልክ ሊደወልልሽ ይችላል። ካፌው ሰልችቶታል፣ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ደርሷል፣ ዶርሙ ይጮኻል። ወዲያው ቲኬት አትቁረጪ። ሦስት ነገር ጠይቂው፦ አሞሃል? የሚያስፈራራህ ሰው አለ? ወይስ ቤት ናፈቀህ? ሕመም ከሆነ የግቢው ክሊኒክ ሄዶ ካርድ ያውጣ። ማስፈራራት ከሆነ በዚያው ቀን ለፕሮክተሩና ለተማሪዎች ዲን ያመልክት፣ ለእናንተም ስሙንና ቦታውን ይንገራችሁ። ናፍቆት ከሆነ ደግሞ እሑድ እሑድ በተወሰነ ሰዓት ቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይደውልለት፤ በየሰዓቱ የሚደወልለት ልጅ ከዶርሙ ልጆች ጋር ሳይዋሃድ ይቀራል። አባቱም ይደውሉ። ክርክር አሸንፎ ወይም ተሸንፎ የሄደ ልጅ ከአባቱ ድምፅ ይጠብቃል፣ ባይናገረውም።

መመለሱ ግድ ከሆነ ሬጅስትራር ሄዶ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሞልቶ፣ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ) ጨርሶ ይውጣ። ሻንጣውን ይዞ ዝም ብሎ የወጣ ልጅ ያልተፈተነው ሁሉ ኤፍ ሆኖ ሊመዘገብበት ይችላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን (እንደገና ለመግባት) ሲጠይቅም በሩ ይዘጋበታል። ፎርሙን የሞላው ግን ተመልሶ ሊቀጥል ይችላል። ይህን ከመሄዱ በፊት ንገሪው፣ ስላላመንሽው እንዳልሆነም አስረጂው።

ምደባው ሲወጣ የደረሰውን ዩኒቨርሲቲና ካምፓስ እዚሁ ጻፊልን፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በተለያየ ከተማ ካምፓስ ስላለው ስሙ ብቻ አይበቃም። እዚያ ልጅ ያለው የቡድናችን አባል አየሩንም መንገዱንም ይነግርሻል፣ ያኔ መርካቶ ትወርጃለሽ።