«ጎዶሎ ሙሉ ቁጥር» ይባላልን?

አንድ የጅማ የሒሳብ መምህር «100,000,001 ጎዶሎ ሙሉ ቁጥር ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ብጽፍ፣ ተማሪዎቼ ‹ጎዶሎም ሙሉም እንዴት ይሆናል?› ብለው ሳቁ፤ አባባሉ ስሕተት ነውን?» ሲሉ ጠይቀውኛል።

ስሕተት አይደለም፤ ተማሪዎቹም ያለ ምክንያት አልሳቁም። መማሪያ መጽሐፍ «ሙሉ» የሚለው ክፍልፋይ የሌለውን ቁጥር ሲሆን፣ ሕዝቡ «ሙሉ» የሚለው ለሁለት እኩል የሚካፈለውን ነው። የእርስዎ ቁጥር፣ በግእዝ አኃዝ ፼፼፩፣ ለ2 ሲካፈል ድርሻው 50,000,000፣ ቀሪው 1 ነው።

«ሙሉ» ከግእዙ «መልአ»፣ «ምሉእ» የመጣ ነው፤ አማርኛ የመጨረሻውን አልፍ (የ«አ»ን ፊደል) ጥሎ «ሞላ»፣ «ሙሉ» አለ፤ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ግን ያንኑ ሥር ከነአልፉ ይዘውታል። «ጎዶሎ» ከ«ጎደለ» ስለሆነ፣ ሁለቱ የተፈጥሮ ተቃራኒዎች ናቸውና መታረም ያለበት መጽሐፉ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሦስት ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ በሦስት እግር የሚቆመው የጅማ በርጩማ ግን ምን ጎደለው? 100,000,001 ራሱ 17 በ5,882,353 ሲባዛ የሚገኝ ስለሆነ ለ17 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ «ጎዶሎ» ያሰኘው የ2 አካፋይነት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሁለት ለሚካፈለው «ተጋማሽ» የሚለውን የመጽሐፉን ቃል እመርጣለሁ። እነዚሁ ሰዎች የተፈበረከ ቃል ነው ይሉታል፤ ነገር ግን «ቀደሰ» «ቀዳሽ»ን፣ «ነገሠ» «ነጋሽ»ን እንደሚሰጥ ሁሉ «ተጋመሰ»ም «ተጋማሽ»ን ይሰጣል፤ «ግማሽ»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። በዚሁ መንገድ ከሄድኩ «ኢ-ተጋማሽ»ንም መቀበል ነበረብኝ፤ ሆኖም የግእዝ «ኢ» በአማርኛ ቃል ላይ ተለጥፎ ስሰማ ጆሮዬን ስለሚቆረቁረኝ፣ ምክንያቴ ቢጎድልም «ጎዶሎ»ን አልለቅም።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወቅት የአዲስ አበባ የግል መኪኖች በሰሌዳቸው «ሙሉ» እና «ጎዶሎ» ተብለው በፈረቃ እንዲንቀሳቀሱ ከተደረገ ወዲህ፣ የመንገዱ አነጋገር ይበልጥ መጽናቱን ሳልወድ አምናለሁ። ሹፌርን «ተጋማሽ ሰሌዳ» በል ማለት ከንቱ ድካም ነው። ክፍል ውስጥ ግን «100,000,001 ለሁለት እኩል የማይካፈል ሙሉ ቁጥር ነው» ብለው ይጻፉ፤ ተማሪዎቹ «ሙሉ» የሚለው ቃል በትምህርቱ ምን ማለት እንደሆነ ከለዩ በኋላ «ጎዶሎ»ን ይመልሱላቸው።