ሪስታርት ይበቃል ወይስ ቢልድ ላድርግ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚሄዱ ጀልባዎች የማስያዣ ድረ ገጽ ሠርተሃል። በዶከር ኮምፖዝ ነው የሚሠራው፤ ማለትም ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስኬድ መሣሪያ። ሪስታርት ስታደርግ (ያንኑ ኮንቴይነር አጥፍተህ ስታስነሳ) ለውጡ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዜሮ ቢልድ ልታደርግ፣ ማለትም ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን ቅጂ) እንደገና ልትገነባ አስበሃል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር የእንግዳ ማረፊያዎችን ድረ ገጽ ስለማስተዳድር የማውቀውን ልንገርህ።

የቱ ይፈጥናል የሚለውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የቀየርከው ነገር የት እንዳለ እይ። ኮዱ ኢሜጁ ውስጥ የተገለበጠ ከሆነ መቶ ጊዜ ሪስታርት ብታደርግ የሚነሳው የድሮው ኮድ ነው። ቢልድ ግድ ይላል። በቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ ማከማቻ) ከውጭ የተያያዘ ከሆነ ግን ሪስታርት ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ቁልፎችና ቅንብሮች በሚቀመጡበት በኤንቭ ፋይል ነው። የክፍያ ቁልፍ ቀይረህ «ዶከር ኮምፖዝ ሪስታርት» ብትል ኮንቴይነሩ የድሮውን ቁልፍ ይዞ ይነሳል። «ዶከር ኮምፖዝ አፕ» በለው፣ ኮንቴይነሩን እንደ አዲስ ይፈጥረዋል። ቢልድ አያስፈልገውም። በቪት (የጃቫስክሪፕት መገንቢያ መሣሪያ) የተሠራ ፍሮንትኤንድ፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ፣ ግን ይለያል። ከኤንቭ ፋይሉ የሚወስዳቸው ቫሪያብሎች ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ የሚገቡት በቢልድ ሰዓት ስለሆነ ያለ ቢልድ አይለወጡም። የኤንጂንኤክስን (ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበውን የዌብ ሰርቨር) ኮንፊግ ብቻ ከነካህ ፈትሸውና ሪሎድ አድርገው፣ ማለትም ሳታጠፋው አዲሱን ኮንፊግ እንዲያነብ አድርገው፤ ገጹ ላይ ያለ ሰው አይቋረጥም።

አጥብቄ የምነግርህ ግን ይሄንን ነው። ደንበኞች የሚልኩልህ የደረሰኝ ፎቶ የት ነው የሚቀመጠው? ኮንቴይነሩ ውስጥ ከሆነ ሪስታርት አይነካውም። ቢልድ አድርገህም ሆነ በ«አፕ» ብቻ አዲስ ኮንቴይነር ስታስነሳ ግን ከአሮጌው ጋር ይጠፋል። በአንድ ፋይል የሚቀመጠው የኤስኪውላይት ዳታቤዝም እዚያው ከሆነ ዳታቤዙ ሙሉ በሙሉ ይሄዳል። ሎጉም (የፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ) እንደዚያው፤ ስህተት እየፈለግህ ከነበረ ማስረጃህን አጠፋህ ማለት ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ቦታ ይዟልና እባክህ ቮልዩም ሳታበጅ ቢልድ እንዳትጀምር።

ሁልጊዜ ከዜሮ መጀመርም አያስፈልግም። ኢሜጅ የሚሠራው ሌየር በሚባሉ ንብርብሮች ነው፤ ዶከር ያልተለወጠውን ሌየር ከካሽ (ቀድሞ ካስቀመጠው) ያነሳልሃል። ዶከርፋይሉ (የኢሜጁ አሠራር መመሪያ) ላይ የፓኬጅ ዝርዝሩን አስቀድመህ ኮፒ አድርግና ጫን፣ ኮዱን ከዚያ በኋላ አስገባ። አንድ መስመር በቀየርክ ቁጥር ፓኬጁ ሁሉ ከኢንተርኔት እንደገና አይወርድም። ለእኛ ኔትወርክ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያለ ካሽ መገንባት የሚጠቅምህ የደህንነት ዝማኔ ስትፈልግ ነው፤ የቤዝ ኢሜጁን (የአንተ ኢሜጅ የተመሠረተበትን) አዲስ ቅጂ እንዲያወርድ ግን «--pull» ጨምርበት።

ሰርቨርህ 1 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለው ቢልዱን እዚያ ላይ አትሥራ። የስህተት ቁጥር 137 ብሎ ከቆመ ብዙውን ጊዜ ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ገድሎታል። የሚሠራውን ድረ ገጽም ይዞት ሊወድቅ ይችላል። ላፕቶፕህ ላይ ገንብተህ ወደ ሬጅስትሪ (ኢሜጆች የሚቀመጡበት የኢንተርኔት ማከማቻ) ላከውና ሰርቨሩ ከዚያ ያውርደው፤ የሚሄደው የተለወጠው ሌየር ብቻ ነው። ኢሜጁን በቀን ታግ አድርገው (ቀኑን ስም አድርገህ ለጥፍበት)፣ ነገር ከተበላሸ የትናንቱን ወዲያው ትመልሳለህ። ግድ ሰርቨሩ ላይ ከሆነም ቲመክስ (ግንኙነትህ ቢቋረጥም ሥራውን ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀጥል ፕሮግራም) ውስጥ ግባ፤ መብራት ጠፍቶ መስመሩ ቢቋረጥ ቢልዱ አይቆምም።

ሰዓትም ምረጥ። ጀልባዎቹ የሚወጡት ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ ነው። ስለዚህ ሰው ማታ ይመዘገባል፣ ጠዋት ትኬቱን ይከፍታል። አንተ ከምሳ በኋላ አድርገው።

ዶከርፋይሉንና የኮምፖዝ ፋይሉን እዚህ ለጥፋቸው፣ አይቼ የቱ ጋ እንደሆነ እነግርሃለሁ። ቁልፎቹንና የይለፍ ቃሎቹን ግን አስቀድመህ አጥፋ።