ኢ-ኢንክ ታብሌት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የማነበው በአብዛኛው በኤ4 የተዘጋጁ የፒዲኤፍ ጥናታዊ ጽሑፎችን ነው፤ በላፕቶፕ ሳነብ ስውል ዓይኔን ያቃጥለኛል። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ኢ-ኢንክ ታብሌት፣ ማለትም ስክሪኑ እንደ ወረቀት የሚነበብ ታብሌት፣ ሊያመጣልኝ ነው። ባለ 6 ኢንቹ ረከስ ይላል፣ ባለ 10.3ቱ ውድ ነው። የትኛውን ልበለው? ለመሆኑስ ያዋጣል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለእርስዎ ሥራ ባለ 6 ኢንቹን ይተዉት። ልብ ወለድ ለሚያነብ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለፒዲኤፍ ግን አይሆንም። የፒዲኤፍ ገጽ እንደ ፎቶ የተቆለፈ ስለሆነ ፊደሉን ብቻ ማተለቅ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ስክሪኑ ላይ እንዲያርፍ ገጹ በሙሉ ይጨመቃል። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ሲሆን ባለ 10.3 ኢንች ስክሪን 157 በ210 ገደማ ነው። ስለዚህ ገጹ የዋናውን መጠን 71 በመቶ ያህል ይሆናል፣ በ12 ነጥብ የፊደል መጠን የተጻፈውም 8.5 ይሆናል። በ6 ኢንች ላይ ያው ፊደል ወደ 5 ነጥብ ይወርዳል። መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚገኘውን ወረቀት ቀኑን ሙሉ እንደ ማንበብ ነው።

ወንድምዎ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ይሞክሩ። ከጽሑፎችዎ አንዱን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው «ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት» ብለው ያሳትሙት። በኤ4 ላይ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ሲታተም እያንዳንዱ ገጽ ወደዚያው 71 በመቶ ስለሚወርድ፣ በ10.3 ኢንች ላይ የሚያዩት የፊደል መጠን በእጅዎ ያለው ነው። የግርጌ ማስታወሻውንና ሠንጠረዡን ሳይጨናነቁ ካነበቡ ይበቃዎታል።

ካነሰብዎትም ወዲያው ወደ ትልቁ፣ ወደ ባለ 13.3 ኢንቹ፣ አይሂዱ። በመጀመሪያ ታብሌቱ ላይ የገጹን ባዶ ጠርዝ ይቁረጡ፤ 2.5 ሴንቲሜትር ኅዳግ ያለው ገጽ ሲቆረጥ ጽሑፉ ከ71 ወደ 85 በመቶ ያድጋል፣ 12 ነጥቡም 10 ይሆናል። በሁለት ዓምድ ለተዘጋጁ መጽሔቶች ደግሞ ታብሌቱን አግድም ያዙሩት። ወርዱ 210 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ይህም የኤ4 ወርድ ነው፤ ገጹን ላይኛውና ታችኛው ግማሽ አድርገው በሙሉ መጠኑ ያነባሉ።

ያዋጣል ወይ ላሉት፣ ከዳር እስከ ዳር ለሚነበብ ጽሑፍ አዎ። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ያነባሉ። ስክሪኑ ኃይል የሚወስደው ገጽ ሲቀየር ብቻ ስለሆነ፣ መብራቱንና ዋይፋዩን ላጠፋ ሰው ባትሪው ሳምንታት ይቆያል። ነገር ግን ማጣቀሻ ለማየት ወደ መጨረሻው ገጽ ዘሎ መመለስ፣ ሁለት ጽሑፍ ማስተያየት፣ ቃል መፈለግ፣ እነዚህ ሁሉ አዝጋሚ ናቸው። ላፕቶፑን አይተካም። የዓይኑም ጉዳይ ቢሆን ሐኪም መታየት አለበት፤ ማቃጠሉ ብዙ ጊዜ ስክሪን ላይ ሲያፈጡ ዓይን ሳያርገበግቡ ከመቆየት ይመጣል፣ ያን ደግሞ ኢ-ኢንክም አያስቀረውም።

ሞዴል ሲመርጡ መብራቱን ይጠይቁ። ሪማርከብል 2 የተባለው ታብሌት የራሱ መብራት የለውም፣ አብዛኞቹ የአማዞን ኪንድል ስክራይብ ሞዴሎች ግን አላቸው። ማታ ኃይል በሚቋረጥበት ሰፈር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ቀለም ያለውን እኔ አልመክርም። ካሌዶ 3 የተባለው ስክሪን ጥቁርና ነጩን በ300 ፒክስል በኢንች ሲያሳይ ቀለሙን በ150 ነው የሚያሳየው፤ ላዩ ላይ ያለው የቀለም ማጣሪያም ገጹን ያጠቁረዋል። ስክሪኑ ላይ የሚጻፍበትን ብዕር በተመለከተ ወንድምዎ ትርፍ ጫፍ አብሮ ይያዝ፤ ጫፉ ያልቃል። በአማርኛ የሚጽፉት ማስታወሻም እንደ ሥዕል እንደሚቀመጥ ይቁጠሩት፣ ወደ ታይፕ ይቀየርልኛል ብለው አይግዙ።

ጥያቄ፦ ኪንድል ላይ የጫንኳቸው የአማርኛ መጻሕፍት አንዳንዶቹ ባዶ ሣጥን፣ አንዳንዶቹ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ያሳዩኛል። (ከሪያድ)

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ባዶ ሣጥን ማለት ጽሑፉ ደኅና ነው፣ የጠፋው ፎንቱ፣ የፊደሉን ቅርጽ የሚይዘው ፋይል፣ ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በነጻ ያውርዱ፤ ኪንድሉን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ፋይሉን «ፎንትስ» (fonts) በሚለው ማኅደር ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተው ከፊደል ምርጫው ላይ ይምረጡት።

የተዘበራረቀው ግን ፎንት በመጨመር አይድንም። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች፣ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው የዛሬው አሠራር) በፊት በነበረው አሠራር፣ የተጻፈ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ሲሆን ፎንቱ ብቻ ነበር ፊደል የሚያስመስለው፤ ፒዲኤፉ ወደ ኢ-ፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል) ሲቀየር ፎንቱ ይወልቅና ኮዱ ይጋለጣል። ለማረጋገጥ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ቀድተው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከወጣ መቀየር ይቻላል። ካልወጣ ሳይቀይሩ፣ በፒዲኤፍነቱ፣ ጠርዙን ቆርጠው ያንብቡት። የግድ መቀየር ካለበት ገጾቹን ወደ ምስል ለውጠው ቴሰራክት በተባለው ነጻ ፕሮግራም ማስነበብ ይቻላል፤ አማርኛ ያውቃል፣ የሚመሳሰሉ ፊደላትን ግን ስለሚያምታታ እርማቱ ጊዜ ይበላል።

ጥያቄ፦ ኢ-ኢንክ ታብሌቴ ላይ ገጽ ስገልጥ ያለፈው ገጽ ጥላ ይቀራል። ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ አልተበላሸም። ጥቁርና ነጩን የሚፈጥሩት ቅንጣቶች ሙሉ በሙሉ ቦታቸውን ሳይለቁ ሲቀሩ ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብተው ስክሪኑ በየገጹ ሙሉ በሙሉ እንዲታደስ ያድርጉ፤ ስክሪኑ ብልጭ ማለቱ ጤና ነው። ሲያድሱት የማይጠፋ ቀጥ ያለ መስመር ካዩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ላዩ ደኅና ቢመስልም ብዙ ጊዜ ውስጥ ያለው ስስ መስታወት ተሰንጥቋል ማለት ነው። እሱ አይጠገንም፣ ስክሪኑ በሙሉ ይቀየራል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ዕቃ ብዙ አይርቅም። ጠንካራ ሽፋን ያድርጉለት፤ በቦርሳ ውስጥም ከደብተሮችና ከቻርጀር ሥር አያስቀምጡት።