ሀሁን ማዜምና ፊደል ማወቅ ለየቅል ናቸው
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ መስከረም ላይ ኬጂ ትገባለች። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ትወርደዋለች። መሃል ላይ ጣቴን አሳርፌ «ይቺ ማን ናት?» ስላት ግን ወይ ትገምታለች፣ ወይ ከረድፉ መጀመሪያ እያዜመች እስክትደርስባት ትቆጥራለች። ሰነፍ ሆና ይሆን? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ። ያጠናችው ዜማውን ነው። 231 ፊደል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በዜማ ሲወረድ ጆሮ ይሠራል፣ ዓይን ያርፋል። የቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥረው በከንቱ አይደለም። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያሉ ሲሄዱ ፊደሉም ቤቱም በየእርምጃው ይቀየራል፤ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ። እዚያ ላይ የለመዱት የሀሁ ዜማ አያስጥልም፤ ማየት ግድ ነው።

እቤት ውስጥ ከካርቶን 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ዘጠኝ ቁራጮች ይቁረጡና በወፍራም ማርከር ላ፣ ም፣ ማ፣ ር፣ ራ፣ ት፣ በ፣ ቤ፣ ሬ ብለው አንዳንድ ፊደል ይጻፉባቸው። ከነዚህ ብቻ ላም፣ ማር፣ በር፣ ቤት፣ በሬ፣ ራት፣ በላ፣ በራ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ላ እና ም ይበቃሉ። ሁለቱን አራርቀው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፤ እሷ እያነበበች እርስዎ ያቀራርቧቸው። ካርቶኖቹ ሲነካኩ ድምፁም ይገጥማል፦ ላም። በየሁለት ቀኑ አንድ ፊደል ይጨምሩ። ዘጠኙ ሲሟሉ አንድ ተጨማሪ «በ» ይጻፉና «በሬ ማር በላ» ብለው ይደርድሩላት። ስቃ «በሬ ማር አይበላም!» ካለችዎት አንብባለች ማለት ነው። እየገመተች ቢሆን ኖሮ ሣር በላ ትል ነበር።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ሳድሱ ላይ ነው። «ም»ን ሲያስጠኑ «ምእ» ካሉ ልጅቷ «ላምእ» ብላ ታነባለች፣ ከዚያም ቃሉ ይጠፋባታል። ከንፈር ገጥሞ እዚያው ይቅር። ሳድስ በአማርኛ ቃላት ውስጥ እንደ አሸን የፈላ ሆኖ ሳለ በገበታው ላይ ስድስተኛ መሆኑ ነው ዘግይቶ እንዲለመድ የሚያደርገው፤ እርስዎ ከመጀመሪያው ቀን ያስገቡት።

ሌላው ችግር ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አለማሳየቱ ነው። «በላ»ን አላልታ ብታነብ «ተሳሳትሽ» አይበሏት። «በሬው ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቋት፤ አፏ የሚያውቀውን ቃል ራሷ ታጠብቀዋለች።

ሃያ ያህል ፊደል ከለየች በኋላ ቅጥያዎቹን ያሳዩአት። ሉ፣ ቡ፣ ኩ፣ ሱ ወገባቸው ላይ በቀኝ በኩል ሰረዝ አላቸው፤ ሊ፣ ቢ፣ ኪ፣ ሲ ሰረዙን ወደ እግራቸው አውርደውታል፤ ሌ፣ ቤ፣ ኬ፣ ሴ እዚያው እግራቸው ላይ ቀለበት አስረዋል። ሩ እና ፉ ከዚህ ሕግ ያፈነገጡ ናቸው፤ እነሱን ለብቻ ታጥናቸው። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ «ትንሽ እንጨምር» እያለች ማቆም ነው።

ጥያቄ፦ አንደኛ ክፍል የገባው ልጃችን «ለ»ን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህ ና ይባላል። የመጀመሪያው መስመር ያምራል፤ ታች ሲደርስ ግን ለ ይሁን ሰ አይለይም። እጄን አመመኝም ይላል። (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይመልከቱት። ሦስተኛው መስመር አካባቢ ብዙ ልጆች ዘዴ ይፈጥራሉ፦ አንዱን እግር ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይደረድሩና ተመልሰው ሌላውን ይለጥፉበታል። ገጹ ቶሎ ይሞላል፣ «ለ» ግን አንድም ጊዜ አልተጻፈም። ዘዴውን ያላገኘውም ልጅ የሚገለብጠው የመምህሩን «ለ» ሳይሆን ከላይ ያለውን የራሱን ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ ከመስመር መስመር እየተወራረሰ ይወርዳል።

መምህሩን ያነጋግሩና ገጹ የግድ ይሙላ ከተባለ በዚህ መንገድ ይሙላ፦ አምስት «ለ»፣ ከአምስቱ ያማረውን ራሱ ያክብበው፣ ቀጥሎ ለውዝ፣ ቀለም፣ ቀለበት የሚሉትን ቃላት ይጻፍ፤ እንደገና አምስት «ለ»። ከዚያ በፊት ሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ አንድ ክንድ የሚያህል «ለ» ሁለት ሦስቴ ቢጽፍ ክንዱ መንገዱን ይለምደዋል።

ሕመሙ ከአያያዝ ይመጣል። እርሳሱን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ይዞ መሃል ጣት ላይ ያስደግፈው። አዲስ ረጅም እርሳስ ለትንሽ እጅ ይከብዳል፤ ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ይስጡት። የጻፈው በወረቀቱ ጀርባ በኩል በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ከሆነ አብዝቶ ይጫናል ማለት ነው። አንዲት ነጠላ ወረቀት ቀድደው ከሥሯ የታጠፈ ጋዜጣ ያንጥፉላት፤ ሲጫን ስለምትበሳ እጁ ራሱ ይላላል። እግሩም መሬት ይንካ፤ ካልደረሰ ከሥሩ ሳጥን ነገር ያድርጉለት። ግራኝ ከሆነ ወደ ቀኝ አያስገድዱት፤ የደብተሩን ራስ ወደ ቀኝ ያዘንብሉለት፣ እርሳሱንም ከጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ ያኔ የሚጽፈውን ያያል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብላ ጻፈች። ላርማት? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አሁን ተዉአት። ጋዜጣና መጽሐፍም የማይስማሙበትን የስድስት ዓመት ልጅ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። ለመጻፍ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ይበቋታል፤ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ሲያጋጥሟት ማንበብ ከቻለች ለጊዜው ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጃችን እዚህ ሜሪላንድ ተወልዶ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል። እንግሊዝኛ ጥሩ ያነባል። ፊደሉን ለማስጀመር አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ብንጽፍለትስ?

መልስ፦ አይመከርም። ዓይኑ ወደሚያውቀው ፊደል ስለሚሸሽ ሀሁው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ድምፅን ከድምፅ ገጥሞ ማንበብን ቀድሞ ስለሚያውቅ ከላይ ያሉት ዘጠኝ ካርቶኖች ለእሱ የሦስት ቀን ሥራ ናቸው። የሚቸግረው «ባ» ስትጻፍ አናባቢዋን ይዛ መሆኗን ማመን ነው፤ እንደ እንግሊዝኛው ሌላ ፊደል ሊጨምርላት ይፈልጋል፣ «ባአ» ብሎ ይጽፋል። «ባ» ብቻዋን አፍ የምትሞላ መሆኗን እያስነበቡ ያሳዩት።

ሁለተኛው ጣጣ እንግሊዝኛ የማያውቃቸው ጠ እና ቀ ናቸው። መታና መጣ፣ ከዳና ቀዳ አንድ ሆነው ይሰሙታል፣ ስለዚህም አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋል። ከመጻፉ በፊት ይለያቸው፦ ቀጭን ሶፍት ከአፉ ፊት አንጠልጥሎ «መታ» ሲል ሶፍቱ በጉልህ ይወዛወዛል፣ «መጣ» ሲል እምብዛም አይነቃነቅም። ከዚያ እርስዎ እየጠሩ እሱ የተ ወይም የጠ ካርቶን ያንሳ። ከአሥር ዘጠኙን ሲያገኝ እርሳሱን ይስጡት።